ጠይም ፊትና ነጭ ነጠላ በዘይት ቀለም፦ እንዴት ይሳላል?

እናቱን በነጠላ መሳል ያልተመኘ ሠዓሊ የለም ማለት ይቻላል። መልኩ ብዙ ጊዜ ይመጣል። አፍንጫው ልክ ነው፣ ዓይኑም የእሳቸው ነው። ግን ፊቱ አመዳም ይሆናል፤ ነጠላው ደግሞ የተለሰነ ኖራ ይመስላል። የሁለቱም ጣጣ የሚመጣው ከአንድ ቱቦ ነው፤ ከነጩ።

ጠይም ቆዳን ለማፍካት ነጭ እንጨምራለን። ነጠላውም ነጭ ነውና ነጭ እንቀባዋለን። እዚህ የማሳያችሁ አሠራር ነጩን እስከ መጨረሻው የሚሰስት ነው። በእርሳስ መልክ ማውጣት ለሚችል፣ ዘይት ቀለም ላይ ሲደርስ ግን ለሚደናገር ሰው የተጻፈ ነው። ምሳሌያችን ነጠላ የለበሱ፣ ፊታቸውን ትንሽ ወደ ጎን ያዞሩ አንዲት እናት ናቸው። ሸራው 50 በ60 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ራሳቸው ከአናት እስከ አገጭ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ይበቃል። ከእውነተኛው ራስ ትንሽ ያነሰ ይሻላል፤ እኩል ወይም የበለጠ ሲሆን ሥዕሉ ወደ ተመልካቹ የሚመጣ ይመስላል።

መጀመሪያ መስኮቱ

ብርሃን ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ይምጣ። አንድ መስኮት፣ ከጎንና ትንሽ ከፍ ካለ ቦታ። የላዩን አምፖል አጥፉት። ሁለት ብርሃን ካለ ጥላው ይበታተናል፤ ጥላ ከሌለ ደግሞ ፊቱ ቅርጽ አያገኝም።

የአውሮፓ መጻሕፍት «ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ፈልጉ» ይላሉ። ምክንያታቸው ቀጥተኛ ፀሐይ ስለማይገባበት ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ አይለዋወጥም የሚል ነው። ዋሽንግተን ላላችሁ ምክሩ ይሠራል። አዲስ አበባ ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ አይሠራም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ አራተኛ ሳምንት ድረስ ፀሐይዋ የምትሄደው በሰሜን በኩል ነው። በእነዚህ ወራት ወደ ደቡብ የሚያየውን መስኮት ተጠቀሙ። በቀረው ጊዜ ወደ ሰሜኑ ተመለሱ። ምርጫ ከሌላችሁ መስኮቱ ላይ ስስ ነጭ አንሶላ ስቀሉበት።

እናት ለረጅም ሰዓት መቀመጥ ካልቻሉ ፎቶ አንሱ፤ ነውር የለውም። ግን አንድ ፎቶ አይበቃም። ስልክ ለጠይም ፊት ሲያስተካክል ነጠላውን ያቃጥለዋል፤ ለነጠላው ሲያስተካክል ፊቱን ያጠቁረዋል። አንዱን ስክሪኑ ላይ ፊቱን ነክታችሁ፣ ሌላውን ነጠላውን ነክታችሁ አንሱ። ቆዳውን ከአንዱ፣ ጨርቁን ከሌላው ታያላችሁ። ቆዳ የሚያለሰልሰውን የስልኩን ማሳመሪያ ማጥፋት እንዳትረሱ።

ሌላም ነገር አለ። ነጠላው እንዴት እንደሚለበስ እሳቸው ይወስኑ፤ እናንተ ለቅንብር ብላችሁ አታገላብጡት። ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ አንገትና ፊት አካባቢ ሲሆን የሐዘን አለባበስ ነው። ለቤቱ ሳሎን ብላችሁ የሳላችሁት ሥዕል ለቅሶ ቤት እንዲሆን አትፈልጉም።

ዕቃና ቀለም

ዘጠኝ ቱቦ ይበቃል፦ ቲታኒየም ዋይት (ነጭ)፣ የሎ ኦከር (አፈርማ ቢጫ)፣ በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ)፣ ሮው አምበር (ቡናማ)፣ በርንት አምበር (ጠቆር ያለ ቡናማ)፣ ካድሚየም ሬድ (ደማቅ ቀይ)፣ አሊዛሪን ክሪምሰን (ጠቆር ያለ ቀይ)፣ አልትራማሪን ብሉ (ሰማያዊ)፣ አይቮሪ ብላክ (ጥቁር)። ገንዘብ ካጠራችሁ ካድሚየም ሬዱንና ጥቁሩን ለጊዜው ተዉአቸው። ስዊድናዊው ሠዓሊ አንደርስ ዞርን በነጭ፣ በየሎ ኦከር፣ በቀይና በጥቁር ብቻ በመሥራት ይታወቃል፤ የቀለም ብዛት ቆዳ አያወጣም። «የቆዳ ቀለም» ተብሎ በቱቦ የሚሸጠውን ግን አትግዙ። የማንም ቆዳ አይደለም።

ብሩሽ፦ ሁለት ሦስት ጠንካራ የአሳማ ፀጉር፣ ሁለት ለስላሳ፣ አንድ ቀጭን። ማሟሟቻ ተርፐንታይን ወይም ሽታ የሌለው ዓይነቱ። ዘይቱ የተልባ ዘይት ነው፤ ግን ለሥዕል ተብሎ የተጣራውን ግዙ። ለዕቃ ቅብ የሚሸጠው የተፈላ ዘይት ጠቆር ያለ ነው፣ እየቆየም ክፉኛ ቢጫ ይሆናል። መስኮት ክፈቱ፤ የተርፐንታይን ትነት ራስ ያዞራል።

ሸራው በጄሶ የተቀባ መሆኑን አረጋግጡ። የምላችሁ የሠዓሊ ጄሶ፣ ከቀለም በፊት ሸራ ላይ የሚቀባው ነጭ መደብ ነው፤ የግድግዳው ጀሶ ተሰነጣጥቆ ይራገፋል። ጥሬ ሸራ ላይ በቀጥታ ዘይት ቀለም ከቀባችሁ ደግሞ ዘይቱ ጨርቁን ቀስ በቀስ ይበላዋል።

አሁን ነጩን ሸራ አጥፉት። ሮው አምበር በተርፐንታይን በደንብ አቅጥናችሁ ሸራውን ሁሉ ቀቡና በጨርቅ ጥረጉት። የሚቀረው መካከለኛ ቡናማ ነው። ይህን እርምጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፣ የሚከፍለውም ብዙ ነው። ነጭ ሸራ ላይ ማንኛውም ጠይም ቀለም ከልክ በላይ ጠቁሮ ይታያል። እጃችሁ ሳታውቁት ነጭ ይጨምራል። ነጩ ነጠላም ነጭ ሸራ ላይ አይታይም። ቡናማው ላይ ግን ፊቱም ነጠላውም ከመጀመሪያዋ ሰዓት ጀምሮ ትክክለኛ ቦታቸውን ይይዛሉ። ለአንድ ቀን ይድረቅ።

ንድፉና የመጀመሪያው ቅብ

በቀጭን ብሩሽ፣ በቀጠነ አምበር ንድፉን አውጡ። ዓይን ከራስ ቅል አናት እስከ አገጭ ካለው ርቀት መሃል ላይ ነው፤ ጀማሪ ሁልጊዜ ወደ ላይ ያወጣዋል። ስትጨርሱ ንድፉን በመስታወት እዩት። የተጣመመው ወዲያው ይታያል። እዚህ ላይ ያልተስተካከለ አፍንጫ በኋላ በቀለም አይድንም፤ ስለዚህ አትቸኩሉ።

ቀጥሎ ቀለም ሳይገባ በአምበርና በጥቂት ነጭ ብቻ ብርሃንና ጥላውን ቀቡ። እዚህ ላይ ነው ሥዕሉ የሚወሰነው። ከጥቁር 1 እስከ ነጭ 10 ያለ መሰላል በአእምሯችሁ ያዙ። ለመካከለኛ ጠይም ፊት ግምቱ እንዲህ ነው፦ ጥላ ያለበት ቆዳ 2 ወይም 3፣ ብርሃን ያለበት ቆዳ 5 ገደማ፣ ግንባር ላይ የምታብለጨልጨዋ ነጥብ 7። ብርሃን ያለበት ነጠላ 8 እስከ 9። ጥላ ያለበት ነጠላ ግን 5 ነው።

የመጨረሻዋን ቁጥር ልብ በሏት። ጥላ ውስጥ ያለው ነጭ ነጠላና ብርሃን ላይ ያለው ጠይም ጉንጭ እኩል ጥቁረት አላቸው ማለት ነው። «ነጠላ እኮ ነጭ ነው» እያለ የሚከራከረውን ጭንቅላት ዝም ለማሰኘት ዓይናችሁን አጨንቁራችሁ እዩ። ሁለቱ ተዋህደው አንድ ሲሆኑ ታያላችሁ። አሥረኛዋን፣ ንጹሕ ነጯን፣ እስከ መጨረሻው ቀን አትንኳት።

ይህ ቅብ ተርፐንታይን የበዛበት፣ ዘይት ያነሰበት ይሁን። ቀጣዩ ቀለም ብቻውን፣ የመጨረሻው ትንሽ ዘይት የታከለበት። ዘይት የበዛበት ቅብ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው። ቶሎ የሚደርቀውን ቀስ በሚደርቀው ላይ ከጫናችሁ ላዩ ይሰነጠቃል። አምበር በተፈጥሮው ቶሎ ይደርቃል፤ ለታች ቅብ የሚመረጠውም ለዚሁ ነው። አይቮሪ ብላክና አሊዛሪን ግን ይዘገያሉ። በክረምት እርጥበት ሁሉም ይዘገያል። ጣት ሲነካው የማይለጠፍ ከሆነ ቀጥሉ።

ቆዳው

ከመሳላችሁ በፊት ፓሌት (ቀለም መቀላቀያ ሰሌዳ) ላይ ሦስት ክምር አዘጋጁ።

መሃለኛው፦ በርንት ሲየና እና የሎ ኦከር እኩል፣ አልትራማሪን ጥቂት፣ ነጭ በቀለም መቀላቀያ ቢላ ጫፍ። ቀይ ዳማ ለሆነ መልክ ኦከሩን ጨምሩና ካድሚየም ሬድ ጣል አድርጉበት። ጠቆር ላለ መልክ መነሻው በርንት አምበርና አልትራማሪን ይሁን፣ ሲየናው ያሙቀው።

ጥላው፦ በርንት አምበር፣ አሊዛሪን፣ ጥቂት አልትራማሪን። ነጭ የለበትም። ጥቁር ቀለምም አታስገቡ፤ ጥላውን ይገድለዋል። ጠይም ፊት ላይ ያለ ጥላ ሙቀት አለው፤ ቀላ ያለ ነው።

ብርሃኑ፦ መሃለኛውን ውሰዱና መጀመሪያ በየሎ ኦከር አፍኩት። ካልበቃ ብቻ ነጭ ጨምሩ። አመዳም ፊት የሚፈጠረው እዚህ ጋ ነው። ነጭ ቀለም ማፍካት ብቻ ሳይሆን ያቀዘቅዛል፣ ሰማያዊነትም ይሰጣል። አመድ መስሎ ሲታያችሁ ተጨማሪ ነጭ አያድነውም፤ በርንት ሲየና መልሱበት።

ቀለሙ ልክ መሆኑን ለማወቅ በቢላው ጫፍ ላይ ትንሽ አንሱና ከእናት ጉንጭ ጎን፣ ያው ብርሃን እያረፈበት ያዙት። ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፓሌት ላይ እያዩ መገመት ለዓመታት የተለማመደ ሰው ሥራ ነው።

ከዚያ ከጥላው ጀምራችሁ ቀቡ። ጥላ፣ መሃለኛ፣ ብርሃን። ሦስቱን መጀመሪያ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፤ አታሻሹ። መገናኛቸውን ብቻ በንጹሕ ደረቅ ብሩሽ በቀስታ አገናኙ። ፊቱን ሁሉ በለስላሳ ብሩሽ ማሻሸት የሚወድ አለ። ውጤቱ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ነው።

ፊት አንድ ዓይነት ቀለም የለውም። ግንባር ወደ ቢጫ ያደላል። ጉንጭ፣ አፍንጫና ጆሮ ደም ስለሚበዛባቸው ይቀላሉ፤ አገጭ አካባቢ ይቀዘቅዛል። ከዓይን በታች ይጠቁራል። የዓይኑ ነጭ ነጭ አይደለም፤ ግራጫ ቡናማ ነው፣ የላይኛው ሽፋሽፍትም ጥላ ይጥልበታል። ከንፈርን በቀይ ቱቦ አትቀቡ። የላይኛው ከንፈር ጥላ ውስጥ ነው፣ የታችኛው ብርሃን ይይዛል፤ በአሊዛሪንና በርንት አምበር የሞቀ መሃለኛ ይበቃዋል።

የፊት መጨማደድ መስመር አይደለም። እያንዳንዱ ትንሽ እጥፋት ነው፤ ብርሃን ያለው ጎንና ጥላ ያለው ጎን አለው። ሦስት አራቱን ሥሩ፣ የቀሩትን ተመልካቹ ራሱ ይሞላል። ሁሉንም ከሣላችሁ እናት በአሥር ዓመት ያረጃሉ፤ እሳቸውም አያመሰግኗችሁም።

አንገታቸው ላይ ንቅሳት ካለ በተለየ መንገድ ይሠራል። ንቅሳት ቆዳ ውስጥ ነው እንጂ ቆዳ ላይ አይደለም። ስለዚህ በደረቀ አንገት ላይ ሰማያዊ መስመር ብትጎትቱ ተለጣፊ ወረቀት ይሆናል። የአንገቱ ቀለም ገና እርጥብ ሳለ ከአልትራማሪን፣ ከየሎ ኦከርና ከአንገቱ ቀለም አረንጓዴ ያለበት ግራጫ ቀላቅሉ። በቀጭን ብሩሽ አስገቡትና ጠርዙን በጣት ነካ ነካ አድርጉት። ጥላ ውስጥ ሲገባ ይጥፋ።

ማብለጭለጫዋን በመጨረሻ። ከመስኮት የሚመጣ የሰማይ ብርሃን ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ ግንባር፣ የአፍንጫ ጫፍና የጉንጭ አጥንት ላይ የምታርፈው ነጥብ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ታዘነብላለች። ከነጭ፣ ከጥቂት አልትራማሪንና ከመሃለኛው ክምር ትወጣለች። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ይበልጥ ትጎላለች። አንዴ አስቀምጧት፣ አትነካኳት።

ይህን ሁሉ በአንድ ሥዕል ማየት የሚፈልግ ስፔናዊው ሠዓሊ ቬላዝኬዝ የሳለውን የሁዋን ዴ ፓሬሃ ምስል ይፈልግ። ፓሬሃ የቬላዝኬዝ ባሪያና የስቱዲዮ ረዳት ነበር፣ በኋላም ራሱ ሠዓሊ ሆኗል። ምስሉ እ.ኤ.አ. በ1650 ሮም ላይ የተሳለ ነው፤ አሁን ኒውዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። ጠይም ፊት፣ ከሥሩ ነጭ የዳንቴል አንገትጌ፤ ከእኛ ጉዳይ ጋር አንድ ነው። አስፍታችሁ ስታዩት ዳንቴሉ ዳንቴል አይደለም፤ የተጣሉ የብሩሽ ምቶች ናቸው። ፊቱም ላይ ንጹሕ ነጭ ፈልጋችሁ አታገኙም።

ነጠላው

ነጠላ ስስ ነው። ከሥሩ ያለው ያሳያል። ስለዚህ መጀመሪያ ከሥሩ ያለውን ሣሉ፦ ፀጉሩን፣ አንገቱን፣ ቀሚሱን። ነጠላው እንደሌለ አድርጋችሁ ጨርሱትና ይድረቅ።

አሁን ለጥላው ግራጫ ቀላቅሉ፤ አልትራማሪንና በርንት አምበር ከነጭ ጋር። ሁለት ዓይነት ይሁን፤ አንዱ ሰማያዊ የበዛበት፣ ሌላው ቡናማ የበዛበት። ወደ መስኮቱ የዞረ ጥላ ወደ ሰማያዊው፣ ወደ ቆዳ ወይም ወደ ወለል የዞረው ወደ ቡናማው ይሄዳል። የነጠላውን ሁለት ሦስተኛ በእነዚህ ግራጫዎች ብትሸፍኑ አትደንግጡ። ነጭ ሆኖ የሚታየው በኋላ በሚመጡት ጥቂት ምቶች ነው።

እጥፋቶቹን ከመሳላችሁ በፊት ጨርቁ የት እንደተንጠለጠለ ጠይቁ። ትከሻ ላይ? ክንድ ላይ? ሁሉም እጥፋት ከዚያ ነጥብ ይነሳል። ክርን ላይ ደግሞ ይሰባበራል። ከየት እንደመጣ የማታውቁትን እጥፋት አትሣሉ፤ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም ይጠረጥራል።

ስሱን ክፍል የምታወጡት እንዲህ ነው። ጠንካራ ብሩሽ ውሰዱ። ጥቂት ነጭና ኦከር ንኩና አብዛኛውን ጨርቅ ላይ ጥረጉት። ደረቅ ማለት ይቻላል። በደረቀው ፀጉርና አንገት ላይ በጣም በቀስታ አሻሹ። ከሥሩ ያለው ጥቁረት ስሱን ነጭ አልፎ ሲታይ ራሱ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፤ ሰማያዊ ቀለም መጨመር አያስፈልጋችሁም። ሁለት እጥፍ የሆነበት ቦታ ላይ አንዴ ድገሙ። ሦስት እጥፍ የሆነበት ላይ ቀለሙ ወፈር ይበል። ጨርቁ ስስነቱን የሚያገኘው ከዚህ ልዩነት ነው።

በመጨረሻ ያቺን አሥረኛ ነጭ አውጡ። ትከሻ ላይ ብርሃን በሚመታው እጥፋት ጫፍ፣ ወፈር ባለ ቀለም፣ ሦስት ወይም አራት ቦታ። አቁሙ።

ነጠላውን ከጨረሳችሁ ወደ አገጭ ተመለሱ። ነጭ ጨርቅ ብርሃን ወደ ላይ ይመልሳል፤ ከአገጭ በታች ያለው ጥላ በሲየናና በኦከር ትንሽ መፍካት አለበት። ብርሃን ካለበት ጎን ጋር ግን በፍጹም እኩል አይሁን።

ጥለቱ ላይ ብዙ ሰው ክር ለክር ይሄዳል። አያስፈልግም። መጀመሪያ ጥለቱን አንድ ወጥ ሪባን አድርጋችሁ ከእጥፋቱ ጋር ይታጠፍ፤ ብርሃን ላይ ደመቅ፣ ጥላ ላይ ጠቆር ይበል። ጥላ ውስጥ ያለ ቀይ ጥለት ቡናማ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ ብርሃን በደንብ ያረፈበትን አንድ ስንዝር ያህል ቦታ ብቻ ምረጡና የሽመናውን ቅርጽ እዚያ ዘርዝሩ። ወርቃማ ክር ካለው ወርቃማ ቀለም አትግዙ፤ በቡናማ ላይ የሎ ኦከር፣ በኦከሩ ላይ ቢጫ ያዘነበለ የነጭ ነጥብ ወርቅ ያወጣል። ዘርፉም እንዲሁ ነው፤ በጅምላ ቀቡት፣ አምስት ስድስት ክር ብቻ ለዩ።

መደቡን በአምበርና በግራጫ ዝም አሰኙት። ብርሃን ካለበት ጉንጭ ጎን ትንሽ ጠቆር፣ ጥላ ካለበት ጎን ትንሽ ፈካ ይበል። ራሱ ከመደቡ የሚለየው በዚህ ነው።

ከሥራ በኋላ

ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨምድዳችሁ ቅርጫት ውስጥ አትጣሉ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፤ የተጨመደደ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ያለ ክብሪት እሳት ሊነሳ ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁ፣ ወይም ውሃ ያለበት ክዳናም ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱ። ካድሚየም ያለበትን የደረቀ ቀለም በብርጭቆ ወረቀት አትፈቅፍቁ፤ ብናኙ መርዝ ነው።

ሲደርቅ አንዳንድ ቦታ ቀለሙ ፈዝዞ ይታያል። የሠራችሁት ተበላሽቶ አይደለም፤ ዘይቱ ወደ ታች ስለሰመጠ ነው። እዚያ ቦታ ላይ በጣም ጥቂት የተልባ ዘይት በጣት አሹና ትርፉን በጨርቅ ጥረጉ፤ ቀለሙ ይመለሳል።

ቫርኒሽ፣ ሥዕሉን የሚጠብቀው የመጨረሻ ቅብ፣ ቢያንስ ስድስት ወር ይቆይ፤ ወፍራም ነጭ ያለበት ሥዕል እስከ ዓመት። ለመሞከር ነጭ ጨርቅ ጫፉን በተርፐንታይን አርጥቡና ጥግ ላይ በቀስታ ንኩ። ቀለም ከያዘ ገና ነው። ካልያዘ አቧራውን አራግፉ፣ ሥዕሉን ጠረጴዛ ላይ አስተኙ፣ በሰፊ ለስላሳ ብሩሽ አንድ ስስ ቅብ ስጡትና እስከ ማግስቱ ከጠረጴዛው አታንሱት። የዕቃ ቫርኒሽ እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ የሥዕሉ ዓይነት በኋላ ሲቆሽሽ ተጠርጎ ይነሳል፣ የዕቃው ግን ከቀለሙ ጋር ነው የሚነሳው።